ቀጭን መርፌ የጠየቁኝ ሰው

ከተማው ሁሉ «ዳክታሪ» ነው የሚለኝ። በስዋሂሊ ሐኪም ማለት ነው። እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ፈቃዴን በመስታወት አሠርቼ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፤ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ከኬላው ብዙም ሳይርቅ የከብት መድኃኒት እሸጣለሁ። ሱቁን ያቆመው አባቴ ነው። ኢትዮጵያ ሳለ ከብት የሚከትብ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እኔን ታቅፎ ድንበር ተሻገረ፤ ጥቂት ዓመት ካምፕ ከቆየን በኋላ የሚያውቀውን ሥራ እዚህ ጀመረ። ቋንቋ የተማረው ከደንበኞቹ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ዛሬ ከነጋዴ ጋር በአማርኛ፣ ከባለሥልጣን ጋር በስዋሂሊ፣ ከከብት አርቢ ጋር በቦረንኛ አወራለሁ። ስናደድ ሦስቱም ይደባለቁብኛል።

አባቴ ሥራውን ሲያስተምረኝ፣ መድኃኒት ከመሸጤ በፊት የምጠይቀውን ነገረኝ። የትኛዋ ከብት ናት? ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመችው? ትበላለች ወይ? እበቷ ምን ይመስላል? መልስ የሌለው ሰው ከሱቃችን መድኃኒት አይወስድም። በዚህ ሥርዓት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እኮራበታለሁም። ስለ ከብቱ ባለቤት ጤና መጠየቅ ግን ማንም አላስተማረኝም። ያንን የተማርኩት ከአንድ ደንበኛዬ ነው። ታሪካቸውን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ስጠይቃቸው «ስሜን ብቻ ተይው፣ ሌላውን ሁሉ ንገሪ» ብለውኛል።

ከሞያሌ ወጣ ብላ ያለች የዳበል መንደር ሰው ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ረዥም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። አማርኛቸውን በወጣትነታቸው ከወዲያኛው ሞያሌ ገበያ ነው ያገኙት፤ ቦረንኛው ጣል ጣል ይልበታል እንጂ ከእኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ይወዳሉ። ከድርቁ በፊት ሱቄ ሲገቡ የሚገዙት ለመንጋው ሁሉ ነበር፤ የትል መድኃኒት በትልቁ ጠርሙስ፣ የመዥገር መርጫ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ትእዛዝ ጨምረው። ቀልደኛ ነበሩ። እሳቸው ካሉ ሌላው ደንበኛ ዕቃውን ከያዘ በኋላም አይወጣም።

ከዚያ ዝናቡ አንድ ወቅት ቀረ። ሁለተኛውም ቀረ፣ ሦስተኛውም። ከኡራን መንደር የሚመጡት ሎሪዎች የሚጭኑት ከብት በእግሩ መቆም የማይችል ሆነ። እኔም በዚያን ጊዜ ከመሸጥ ይልቅ «ይሄ ለረሃብ አይሠራም» እያልኩ ሰው መመለስ ሥራዬ ሆኖ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ሰውየውም ወደ ሱቄ ተመለሱ። አሁን ግን የሚገዙት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ነው። ቀልድም የለም። ገዝተው ይወጣሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡበት የገበያ ቀን ሐምሌ ውስጥ ነበር። በሐምሌ የሞያሌ ነፋስ ልብስ አልፎ ይገባል። እሳቸው ግን ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ከዚያች ከቢጫዋ አንድ ስጪኝ» አሉ። ቢጫ የሚሉት እኛ ኦክሲ የምንለውን፣ ለብዙ ዓይነት የከብት ሕመም የሚወጋውን መድኃኒት ነው።

«የትኛዋ ናት የታመመችው?»

«ዳለቻዋ።»

«ባለፈውም ለእሷ አልነበር የወሰዱት? አልተሻላትም?»

«ስትወጋ ሦስት አራት ቀን ይሻላታል። ከዚያ ይመለስባታል።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች። ግን አይጥማትም።»

እጄ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ላሚቱ ሣር እምቢ አለች፣ ማመንዠክ አቆመች ሲሉኝ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ። ምግቡ አልጣማትም ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው መንገዱን ያያሉ።

«መርፌስ አለዎት?»

«የባለፈው ወፍራም ነው። ቀጭን ስጪኝ።»

«ቀጭኑ የላም ቆዳ ላይ ይጣመማል እኮ፣ አባቴ።»

«ግዴለም። ቀጭን ይሻላል።»

ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አላስቀመጥኩትም። እንደያዝኩት ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «መድኃኒቱ ለዳለቻዋ ነው ወይስ ለእርስዎ?» አልኳቸው።

 «ምን ልዩነት አለው?» አሉ። «እሷን የሚያድን እኔን አይገድለኝም።»

«ስንት ስንት ነው የሚወጉት?»

«የጥጃ ያህል። ክብደቴ እንደ ጥጃ ነው አሁን።»

እውነታቸውን ነበር። ሸሚዛቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። «አልሸጥልዎትም» አልኩ። «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

«እዚህ ከተማ የምትሸጪው አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሉና በትራቸውን አንስተው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ልክ እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ ግን ልክ መሥራት ብቻውን አላሳረፈኝም። ያን ዕለት ከሰዓት በዚህኛው ሞያሌ ያሉትን ሦስት የከብት መድኃኒት ቤቶች በእግሬ ዞርኩ። የሰውየውን ማንነት አልተናገርኩም። «ኦክሲ ገዝቶ ቀጭን መርፌ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ለማን እንደሆነ ጠይቁት» ብቻ አልኩ። አንደኛው ባለሱቅ ሳቀብኝ። «ግማሹ ደንበኛችን እኮ ራሱን ይወጋል፣ አታውቂም እንዴ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ባንኮኒው ኋላ ቆሜ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ ፒኪፒኪ የምንለውን ሞተር ብስክሌት የሚነዳ አንድ የማውቀው ሰው ይዤ ወደ ዳበል ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም። መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ስንደርስ ወገቤን አላውቀውም ነበር። ሰውየውን በረታቸው በር ላይ፣ መሬት ተቀምጠው አገኘኋቸው። በረቱ በእሾህ የታጠረ ሰፊ ነው፤ ለትልቅ መንጋ የተሠራ። ውስጡ አምስት ላሞች አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሌላው ሁሉ ባዶ መሬት ነበር፤ እበቱ ደርቆ በነፋስ ተጠርጓል።

ሰላምታችን ረዥም ነው፤ ቤቱ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ውኃው፣ ሣሩ፣ ሁሉም ይጠየቃል። «ነጋ፣ ነጋ» እያሉ ሁሉም ሰላም ነው ብለው መለሱልኝ፤ ከተቀመጡበት ግን አልተነሱም። ሽማግሌ ለእንግዳ አለመነሳቱ እዚህ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ጉልበታቸው አላነሳቸውም ነበር።

ባለቤታቸው እጄን ይዘው ወደ ጎጆው ኋላ ወሰዱኝ። ቀጭን፣ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ የሚያወሩት በቦረንኛ ነው።

«የመጣሽው ስለ መርፌው ነው?» አሉኝ።

«ያውቃሉ እንዴ?»

«ጀርባው ላይ የምወጋው እኔ ነኝ። እጁ አይደርስም» አሉ። ከዚያ ተቀመጡና ሁሉንም ነገሩኝ። ትኩሳቱ ማታ ማታ ይመጣል፤ የተኛበት ልብስ ይረጥባል፤ ወገቡና ጉልበቱ ይቆረጣጥማል። እንቅልፍ የለም። የሽማግሌዎች ስብሰባ መሄድ አቁሟል። ጉድጓድ ላይ ተራ ሲደርሳቸው ጎረቤት ነው የሚያጠጣላቸው። «የቡሳ ጎኖፋ መብቱንም አልጠየቀም» አሉ። ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከየመንጋው አዋጥቶ እንደገና የሚያቆምበት የቦረና ሥርዓት ነው። «ስንት ሰው ያቆመ ሰው ነው እሱ። አሁን ሲደርስበት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ይላል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «የሞቱት ከብቶች ገመድ እዚህ ተሰቅሎ ነበር። ሰብስቤ ጎረቤት ቤት አስቀምጫለሁ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ገብቶኛል። እሳቸውም እንደገባኝ አይተው ወሬውን ለወጡ። ሳላስበው ወደ ሥራዬ ጥያቄ ተመለስኩ፤ ላሞቹ እንዴት ናቸው አልኩ።

«ዳለቻዋ ባለፈው ጨነገፈች። ወሩን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ እሱ ነው በእጁ ያወጣው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። በመጨረሻው ወር የምትጨነግፍ ላም፣ በባዶ እጅ የወጣ እንግዴ ልጅ፣ ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት፣ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ኦክሲ ሲወጋ ለጥቂት ቀን የሚሻለው የአጥንት ሕመም። ብሩሴላ ይሉታል። ከከብት ወደ ሰው ያልፋል። ሰው ላይ ሲቆይ አጥንትን ብቻ ሳይሆን መንፈስንም ያደክማል። ትምህርት ቤት ሳለሁ በቃሌ የተማርኩት ነገር ነው፤ ፈተናም መልሼበታለሁ። ሱቄ ውስጥ ፊት ለፊቴ ሲቆም ግን አላወቅኩትም።

ተመልሼ ሰውየው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ሕመምዎ ከዳለቻዋ የመጣ ይመስለኛል» አልኳቸው።

ቀስ ብለው አዩኝ። «ከከብቴ ነው የያዘኝ?»

«አዎ። ደም ሲታይ ይረጋገጣል። ግን ኦክሲ በጥጃ ልክ እየወጉ አይለቅዎትም፤ ያባብለዋል እንጂ። ለሰው የተዘጋጀ መድኃኒት አለው፣ ሳምንታት የሚዋጥ።»

«እኔ እኮ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ወንድ ልጅ በሐዘን ታመመ ቢባል ያሳፍራል ብዬ።»

«ሐዘኑም ሊኖር ይችላል። አንዱ ሌላውን አይከለክለውም።»

ወደ ላሞቹ ዞረው አዩ። ከዚያ «የከብት በሽታ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ። «ሞያሌ ግን አይደለም። እዚያ የማያውቀኝ የለም። ሶሎሎ ሆስፒታል ውሰጂኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችንም በማታቱ፣ በሕዝብ ሚኒባስ፣ ሄድን፤ ሰውየው፣ ባለቤታቸውና እኔ። አስፋልቱን ለቀን ወደ ሶሎሎ ከታጠፍን በኋላ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሳቸውን ነክሰው አንድም ጊዜ አላቃሰቱም። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን ወረፋ ጠበቅን። የተቀበለን ሐኪም ቦረንኛ የሚናገር፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ደም ታዘዘ፤ ውጤቱ ከሰዓት መጣ። ብሩሴላ ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒቱን አስረዳቸው፤ ስድስት ሳምንት ሳይቋረጥ እንደሚዋጥ፣ ተሻለኝ ተብሎ እንደማይተው። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረ። «እርስዎስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ድካም ነው» አሉ።

«የሚያልበው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ወገብዎን ያምዎታል?»

«ወገብ የማያማት ሴት አለች?»

የእሳቸውም ደም ታየ። በሽታው እሳቸውም ላይ ነበር። ለስንት ጊዜ ይዘውት እንደኖሩ ማን ያውቃል። ባላቸውን እየወጉ፣ ውኃ እየቀዱ፣ አምስቱን ላሞች እያለቡ። ዳበል ድረስ በራሴ ተነሳሽነት የሄድኩት እኔ እንኳ ጎጆ ኋላ አብረን ስንቀመጥ «እርስዎስ?» አላልኳቸውም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባል ሲመጣ ስለ ሚስቱም እንደምጠይቅ ለመናገር ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ከሰውየው ጋር ለብቻ ማውራት ፈለገ። ልወጣ ስነሳ እሳቸው በእጃቸው ከለከሉኝ። «አንቺ ዳለቻዋን ታውቂያታለሽ፤ ቁጭ በይ» አሉ። ከስንት ወር በኋላ ከእሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ነበር።

ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ ጠየቀ፣ ስለ ምግብ፣ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ። ከዚያም ድምፁን ሳይለውጥ፣ ስለ ጉልበታቸው በጠየቀበት አነጋገር «ከዚህ ሁሉ ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?» አለ።

እኔ ስለ መግልና ስለ ተቅማጥ ስጠይቅ የማላፍር ሴት መሬት መሬት አየሁ። ሰውየው ግን አላፈሩም። ጥያቄውን ሲጠብቁት የቆዩ ይመስል ነበር።

«አስቤያለሁ» አሉ። «ገመዶቹ ተሰቅለው ሳሉ። አንድ ቀን ስመለስ የሉም። ማን እንዳነሳቸው አውቃለሁ። አልጠየቅኳትም።»

«አሁንስ?»

«አሁን በሽታ ነው ስትሉኝ… አሁን ድካም ነው ያለብኝ።»

ሐኪሙ ስለነገሩት አመሰገናቸው። መድኃኒቱ ለአጥንቱ እንደሚሠራ፣ ለሌላው ግን ሰው እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። በየሁለት ሳምንቱ ተመልሰው እንዲያወሩ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን በረቱ በር ላይ እንዳይቀመጡ፣ ያ ሐሳብ ከተመለሰ ለባለቤታቸው ሳይደብቁ እንዲነግሩ አስማማቸው። ባለቤታቸውንም አስገብቶ በፊታቸው ደገመው። ንግግሩ ሁሉ ተራ ነበር፤ ግን ከክፍሉ ስንወጣ ባልና ሚስቱ ከማታቱ ስንወርድ ከነበሩት ይልቅ ተቀራርበው ይራመዱ ነበር።

ክኒኑ መሥራት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋ። እኔ ደግሞ የራሴን ሥራ መሥራት ነበረብኝ፤ የአምስቱን ላሞች ደም ቀድቼ ላቦራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ በሽታው አለባቸው። ዳለቻዋና ቀይዋ። ቀይዋ ደግሞ ከአምስቱ ብዙ ወተት የምትሰጠው ናት።

በሽታው ያለባት ላም መንጋ ውስጥ መቆየት የለባትም፤ ሌሎቹንም ሰዎቹንም መልሳ ታስይዛለች። ይህን ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ። ሠላሳ አርባ ላለው ሰው መናገር ቀላል ነው። አምስት ለቀረው፣ ያውም ገመድ ተደብቆበት ለነበረ ሰው እንዴት ይነገራል? ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ወተቱን አፍልተው እንዲጠጡ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሁለት ሳምንት አለፈ። እሳቸው በስልክ «የከብቶቹ ውጤት አልመጣም?» ሲሉኝ «ገና ነው» አልኩ። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ለሶሎሎው ሐኪም ደወልኩ። ሁሉንም ሰምቶ «የምትጠብቂው እሳቸውን ነው ወይስ ራስሽን?» አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም። በማግስቱ ጠዋት ዳበል ነበርኩ።

ባለቤታቸው ባሉበት ወረቀቱን አውጥቼ ነገርኳቸው። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ቀኑ የተጻፈበትን ቦታ በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ የመጣው መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«ሁለት ሳምንት።» ፊታቸው ጠቆረ። «ከብቶቼን ጅብ በላቸው ስባል እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ። እየወደቁ ሲሞቱ አንድ በአንድ አይቻለሁ። አንቺ ስለ ሁለት ላም ስለነገርሽኝ የምሰበር መሰለሽ?»

«ፈራሁ» አልኩ።

«ለእኔ መፍራትሽ ደግ ነው። ግን የከብቴን ነገር ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አውቆ ዝም ሲል፣ እኔ ከብት የሌለኝ ሰው የምሆነው ያን ጊዜ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ባለቤታቸው ሻይ አመጡ፤ ወተቱ በደንብ የፈላ ነበር። ሻዩን ጠጥተን ሳንጨርስ ሁለቱ ላሞች መቼና እንዴት ወደ ሞያሌ ቄራ እንደሚሄዱ ተነጋግረን ጨረስን። እሳቸው ራሳቸው እየነዱ ወሰዷቸው። ለቄራው ሠራተኞች ምን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬ ነበር፤ ጓንት አድርገው ጠበቋቸው። ዳለቻዋ ስትገባ ሰውየው ጀርባዋን መታ መታ አድርገው «ሂጂ» አሏት፤ ከዚያ ከእኔ ጋር እስከ ሱቄ ሄደው ወንበር ላይ ተቀመጡና ለረዥም ሰዓት አለቀሱ። ደንበኛ ሲገባ አላቆሙም። የገቡትም ሰዎች አልደነገጡም። አንዱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ ከብቶች ማውራት ጀመረ።

ሦስት ላም ነበር የቀራቸው። ያን ጊዜ ነው ቡሳ ጎኖፋቸውን ለመጠየቅ የወሰኑት። የጎሳው ስብሰባ በዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ፤ እኔ የተጋበዝኩት የሚሰጡት ጊደሮች አስቀድመው ደማቸው መታየት አለበት ብለው እሳቸው ስላሳሰቡ ነው። አንድ ሽማግሌ ተቃወሙ። «ወንድም ለወንድሙ የሚሰጠው ከብት ይመረመራል እንዴ? ይሄ ስድብ ነው» አሉ። እኔ መልስ ለመስጠት ስዘጋጅ ሰውየው በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ስድብ አይደለም» አሉ። «እኔ የላም መድኃኒት ራሴን ስወጋ ነበር። ሚስቴ ናት የምትወጋኝ። ልክ እንደ ጥጃ።»

ሳቅ ተነሳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ቀጠሉና ትኩሳቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከስብሰባ የቀሩበትን ምክንያት ተናገሩ። ስለ ገመዱም ተናገሩ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሳያሳንሱ ሳያጋንኑ። ማንም አልሳቀም። የተቃወሙት ሽማግሌ «ይመርመር» አሉ። ጊደሮቹ ከየመንጋው ተመረጡ፤ እኔም የእያንዳንዷን ደም ቀዳሁ። አንዷ ተመልሳ በሌላ ተተካች። ባለቤቷ በጊዜ ስላወቀ አመሰገነኝ።

የስብሰባው ዕለት ዕቃዬን ስሰበስብ ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ስለ ጉልበቱ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ላሞቹ እየጨነገፉ እንደሆነ ነገረኝ፤ ስለ ራሱ ስጠይቀው ሸሚዙን ከፍቶ በላብ የረጠበ ውስጥ ልብሱን አሳየኝ። ሦስተኛው ወጣት አባት ነው፤ ስለ በሽታ ምንም አላለም። «እኔም በረቱ በር ላይ ነው የምውለው» ብቻ አለኝ።

እዚህ አገር ወንድ ለራሱ ሕመም ክሊኒክ አይሄድም። ለከብቱ ግን እኔ ጋር ይመጣል፣ ያውም ከሩቅ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሥራዬን እንዴት መሥራት እንዳለብኝ ግልጽ ሆነልኝ። ሱቄ በረንዳ ላይ ጥላ አሠራሁ፤ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ አነጋገርኩ፤ በገበያ ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትቀመጣለች። የደም ግፊት ትለካለች፤ ወገባቸውን የሚያማቸውን ጉድጓድ ላይ ባልዲ እንዴት ማንሳት እንዳለባቸው ታሳያለች፤ ደም መታየት ያለበትን ትልካለች። ከሁሉም በላይ ግን ታወራለች፤ በግልጽ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ለከብት የሚደረግ መስሏቸው ነው የሚቀመጡት። አሁን ስለ ማን እንደምትጠይቅ እያወቁ ይመጣሉ። ባለሥልጣን አላዘዘኝም፣ ድርጅትም አልሰጠኝም። ሱቁ የእኔ ነው፤ በረንዳውም የእኔ ነው።

እኔም የምጠይቀው ጨመረ። ትበላለች ወይ ካልኩ በኋላ እርስዎስ ይበላሉ ወይ እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ሳይመልስልኝ የሚወጣ ግን እየቀነሰ ነው።

ባለቤታቸው መድኃኒታቸውን ጨርሰው ድነዋል። ዳበል ውስጥ ወተት ወደ ሞያሌ የሚልኩ ሴቶችን ሰብስበው፣ ሳይፈላ የሚላክ ወተት እንዳይኖር፣ ላም ስትወልድ ያለ ጓንት ማንም እንዳይነካ አድርገዋል። ጓንቱን የምልከው እኔ ነኝ፤ ሲያልቅ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ቁጣ የተቀላቀለበት ነው። ጓንት ለምን ቶሎ አትልኪም ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

ሰውየው አሁንም አንዳንድ ጠዋት ይከብዳቸዋል። ይህን አልደብቅም። የሞተው መንጋ አልተመለሰም፤ እንቅልፋቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ወደ ሶሎሎ መሄዱን ግን አላቆሙም፤ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላ በየወሩ። ባለፈው ቀጠሯቸው ላይ አብሬያቸው ልሄድ መኪና አዘጋጅቼ ስጠብቅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

«ዳክታሪ፣ ዛሬ አልመጣም።»

 «ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሁለት ቤተሰብ በጉድጓድ ተራ ተጣልተው፣ ሽማግሌዎቹ አንተ ካልመጣህ አንጀምርም አሉኝ። እስከ ማታ ሊቆይ ነው። ለሐኪሙ ንገሪልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለውጥልኝ።»

ለሐኪሙ ደወልኩና ነገርኩት። የቀጠሮ መዝገቡን ገለጠና የሚቀጥለው ማክሰኞ ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው አለኝ።